የአባቴን የዓይን ብሌን ልገሳ ካርድ ያገኘነው በሰልስቱ ነው፣ እባካችሁ ለቤተሰባችሁ ንገሩ

ፅጌ ዘጉለሌ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ፅፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ነገር ስላለ ልፃፈው።

አባቴ ጥር ላይ አረፈ። 71 ዓመቱ ነበር፣ እድሜውን ሙሉ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ልቡን ያመው ነበር፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እቤቱ አልጋው ላይ ሄደ። ከዛ በኋላ ያለውን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጎረቤት መጣ፣ ሲነጋ የእድር ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ተጠራ፣ ተገነዘ፣ በ9 ሰዓት ቀበርነው። በሰልስቱ እናቴ የጡረታ ደብተሩን ፈልጊልኝ ብላኝ የኮመዲኖውን መሳቢያ ስከፍት መንጃ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ ሌላ ካርድ አለ። ከሞትኩ በኋላ የዓይን ብሌኔን እለግሳለሁ ብሎ ቃል የገባበት። ፊርማው የራሱ ነው፣ ያቺ መጨረሻዋ ላይ ጭራዋን የሚጎትታት ፊርማው። ቀኑ 2006 ይላል።

12 ዓመት ገደማ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይዞት ዞሯል ማለት ነው። ለማናችንም አልነገረንም። ምናልባት እናቴ ትደነግጣለች ብሎ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ካርዱ ካለ ይበቃል ብሎ አስቦ ይሆናል እንጃ። ካርዱ ጀርባ ላይ ስልክ አለ። እኛ ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋ አጠገቡ ቁጭ ብለን ነበር፣ ስድስት ሰባት ሰው፣ ሁላችንም ስልክ በእጃችን ይዘን።

ከቀብር በኋላ ስልኩን ደወልኩት፣ ለምን እንደደወልኩ እኔም አላውቅም፣ ይቅርታ ልጠይቅ መሰለኝ። ያነሳችው ልጅ በጣም በትህትና አፅናናችኝ፣ ከዛ ሰው ካረፈ በ6 ሰዓት ውስጥ ብሌኑ መነሳት እንዳለበት ነገረችኝ። በ6 ሰዓት ውስጥ ማለት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት። ጡሩምባው ሳይነፋ ሁሉ ይደርሱ ነበር።

እኔ ለማንም ለግሱ አትለግሱ ለማለት አይደለም የመጣሁት። ቃል የገባችሁ ካላችሁ ግን ዛሬ ማታ ራት ላይ ለቤተሰባችሁ ንገሩ። የናንተን ፈቃድ የሚፈፅመው አጠገባችሁ የሚያለቅሰው ሰው ነው፣ እሱ ካላወቀ ካርዱ ወረቀት ነው።

—

ብሩክ 27

ነፍስ ይማር ፅጌ፣ መፅናናቱን ይስጣችሁ። አንብቤ ስጨርስ ቀጥታ ለእህቴ ደወልኩላት፣ እኔም ዩኒቨርስቲ እያለሁ ሞልቼ ነበር፣ ካርዱ የት እንዳለ እንኳን አላውቀውም።

—

ሲስተር የዓይን ክፍል

ፅጌ እግዚአብሔር ያፅናሽ። እኔ በዓይን ህክምና ላይ 14 ዓመት የሰራሁ ነርስ ነኝ፣ አንቺ ያልሽው ነገር እኛም ዘወትር የሚቆጨን ነገር ነው። ቃል የገባው ብዙ ነው፣ ሲያርፍ የሚደወልለት ግን ጥቂት። የዓይን ባንኩ በ1995 ሲቋቋም ጀምሮ ምኒልክ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው የኖረው፣ አሁን ከደም ባንኩ ጋር ተቀላቅሎ የኢትዮጵያ ደምና ህብረ ህዋስ ባንክ አገልግሎት ተብሏል። ይሄን ያልኩት ደም ለመስጠት የምትሄዱ ሰዎች እዛው ስለዓይን ብሌኑ መጠየቅ እንደምትችሉ ታውቁ ዘንድ ነው።

እስቲ ሰዎች የሚደባልቁትን አንድ ነገር ላስተካክል። ዓይነ ስውር ሁሉ በብሌን ንቅለ ተከላ አይድንም። በ1998 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው ህዝብ 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነው፣ ከነሱ ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው። ሞራ ሌላ ነገር ነው፣ ውስጥ ያለው ሌንስ ነው የሚደፈርሰው፣ አርቴፊሻል ሌንስ ይገባለታል፣ የማንንም ልገሳ አይፈልግም። እናታችሁ ወይ አያታችሁ ሞራ ካለባቸው ዛሬውኑ ውሰዷቸው። ብሌን የምንለው ደግሞ የፊተኛው እንደ ሰዓት መስታወት ያለው ክፍል ነው። እሱ በትራኮማ፣ በቁስለት፣ በጉዳት ክፉኛ ጠባሳ ከያዘ ወይም ቅርፁ በጣም ሾጥጦ ከወጣ መነፅር አያድነው መድሃኒት አያጠራው። ያኔ የሌላ ሰው ብሌን ያስፈልጋል፣ እንደ ሞራው ሌንስ ከፋብሪካ በቀላሉ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ብሌን የደም ስር የለውም፣ ስለዚህ የደም አይነት ይመሳሰል አይመሳሰል ብለን አንጨነቅም። የ71 ዓመት ሰው ብሌንም ጤናማ ከሆነ ለሌላ ሰው ይሆናል። ፅጌ የአባትሽ እድሜ ብቻውን የሚከለክል አልነበረም።

—

ጠያቂው ሰው

ቅር እንዳትሰኙ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኛ እኮ ሲና በረሃ ላይ ልጆቻችን ኩላሊታቸው ተወሰደ ሲባል የሰማን ህዝብ ነን። የጎረቤታችን ልጅ በዛ መንገድ ሄዶ እስከዛሬ ድምፁ የለም፣ እናቱ ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። እና እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ፍርሃት ነው። ሆስፒታል ገብቼ ቃል የገባሁ መሆኔን ካወቁ እኔን ለማዳን የሚሰጡት ትኩረት አይቀንስም ወይ? ሳልሞት ሞተ ብለውኝስ?

—

ሲስተር የዓይን ክፍል

ጥያቄህ ተገቢ ነው ወንድሜ፣ ለሰፈርህም እናት እግዚአብሔር ይድረስላት። ስለ ብሌን ልመልስልህ። ብሌን የሚነሳው ልብ ቆሞ፣ ትንፋሽ ቆሞ፣ ሞቱ በሃኪም ተረጋግጦ፣ ቤተሰብ አልቅሶ፣ ከዛ ቤተሰቡ ራሱ ደውሎ ነው። እቤት ያረፈም ከሆነ ባለሙያዎቹ እቤት ይመጣሉ። አንተን ያከመህ ሃኪም ሌላ፣ የሚያነሳው ባለሙያ ሌላ። ሞተ ለማለት የሚያስቸኩል ነገርም የለም፣ ሰዓታት አሉ። ለዛ ደግሞ ገንዘብ አይሰጥም አይቀበልም፣ የሰው አካል መሸጥ መግዛት በህግ የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው። በረሃ ላይ የተባለው ሽፍታ ሰው አግቶ የሚሰራው ነገር ነው፣ ይሄ ደግሞ ልጅ የአባቱን ቃል ለመፈፀም የሚደውለው ስልክ ነው፣ ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላው ነገር ፊቱ ይበላሻል ወይ ነው። አይበላሽም። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ቅርፁን የሚይዝ ነገር ተደርጎ የዓይን ቆቡ ይዘጋል። ስሞ የሚሰናበተው ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

—

ጠያቂው ሰው

እሺ ሲስተር። አመሰግናለሁ።

—

መምህር ከደብረ ማርቆስ

እኔ ከተቀባዮቹ ወገን ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልፃፍ ፍቀዱልኝ።

ልጅ ሆኜ አውድማ ላይ ስንዴ ስናበራይ ገለባ ግራ ዓይኔን መታኝ። እናቴ ደህና ሰው የነገራትን ቅጠል ጨምቃ አደረገችበት፣ አልፈርድባትም፣ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ቆሰለ፣ ከዛ ዳነ ተባለ፣ ግን ጥቁሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ጥሎበት ቀረ። ቀኙም ቆይቶ እየደከመ መጣ። መምህርነት ስመረቅ የተማሪ ደብተር የማርመው ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ነበር፣ ልጆቹ ፊት ላይ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የፃፍኩትን መልሼ ማንበብ አልችልም ነበር፣ በቃሌ ነበር የማስተምረው።

ወረፋ ጠብቄ ጠብቄ ስልክ ተደወለልኝ፣ ብሌን ተገኝቷል ነገ ድረስ አሉኝ። ሌሊቱን በአውቶብስ ገባሁ። የተሰፋልኝ ክር ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ 16 ቦታ ነው የሰፉኝ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓት መሆኑን ድሮም አውቅ ነበር፣ ክብ ነጭ ነገር ነበር ለኔ። ያን ቀን ግን ቀጭኗ የሰከንድ ዘንግ ቅ ቅ ቅ እያለች ስትሄድ አየኋት። ድምፅዋን እና እንቅስቃሴዋን አንድ ላይ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ዶክተሩ ስንት ጣት ነው ይሉኛል እኔ ዓይኔን ከሰዓቱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ከዛ በኋላ ያለው ስራ ቀላል አይደለም እሱንም ልንገራችሁ። ጠብታው በየሰዓቱ ማለት ይቻላል ነው መጀመሪያ፣ ለወራት ትቀጥላለህ፣ ክሩ የሚወጣው ቀስ በቀስ ከዓመት በላይ ወስዶ ነው። ዓይኔ ከቀላ፣ ካመመኝ፣ ብርሃን ካስጠላኝ ወይ እይታዬ ከደበዘዘ ሳልውል ሳላድር መሄድ አለብኝ፣ ሰውነት የሰው ነገር ነው ብሎ ሊያምፅበት ይችላልና። እስካሁን ደህና ነኝ።

የሰጠኝን ሰው አላውቀውም፣ አይነገርም። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን። በየዓመቱ ያን ቀን ቤተክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራለሁ፣ ስም ስለሌለኝ ዓይን የሰጠኝን ሰው ብዬ ነው የምፀልይለት። ፅጌ ያባትሽ ሀሳብ ደርሷል በይ፣ ባይሳካም ለእንደኔ አይነቱ ሰው ያሰበ ሰው ነበር። ነፍሱን ይማር።

—

ፅጌ ዘጉለሌ

መምህር፣ ይሄን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለቴ አስደገመችኝ። የሰዓቱ ጋ ስደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገችው።

አንድ ነገር ግን አልቀበል ብላኛለች፣ እሱ ራሱ ወስኗል እሺ፣ እኔ ግን ሙሉ አካሌን ይዤ ነው መነሳት የምፈልገው ትላለች። ምን ልበላት?

—

ዲያቆን ከእንጦጦ ስር

እህቴ እኔ ሲኖዶስን ወክዬ አይደለም የምናገረው፣ ንስሐ አባቷን አስጠይቂያት፣ ከሳቸው አፍ ብትሰማው ይሻላታል። ግን እኔ የተማርኩትን ላካፍልሽ። ሰማዕታት በእሳት ተቃጥለዋል፣ በመጋዝ ተሰንጥቀዋል፣ ለአራዊት ተሰጥተዋል፣ አመዳቸው ሁሉ ተበትኗል። በትንሳኤ ጎድለው ይነሳሉ የሚል ማነው? ከአፈር የፈጠረ አምላክ ብሌን አይቸግረውም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ለገላትያ ሰዎች ሲፅፍ ፍቅራቸውን የመሰከረላቸው ቢቻላችሁ ዓይናችሁን አውጥታችሁ በሰጣችሁኝ ነበር ብሎ ነው፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 15። በሱ ዘመን የማይቻል ነገር ነበር፣ ዛሬ ተችሏል። እናትሽን ግን አታስጨንቂያት፣ ሀዘን ላይ ናት።

—

አቡ ሐምዛ ጅዳ

አላህ ይዘንላቸው። እኛ ጋርም ይሄ ጥያቄ ብዙ ይነሳል፣ ሬሳ ማጉደል ሀራም አይደለም ወይ፣ ጀናዛ አይዘገይም ወይ እያሉ። ሳዑዲ ላይ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1982 እንደ ፈረንጅ ነው ውሳኔ አሳልፏል፣ የሚያስፈልገው ሙስሊም ሲኖር በህይወት ያለም የሞተም ሰው አካል መለገስ ይፈቀዳል ብለው፣ በፈቃዱ ከሆነ። ለዛ ነው እዚህ የልብም የኩላሊትም ንቅለ ተከላ ሲሰራ የኖረው። አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ ነው የሚለውን ደግሞ ሁላችንም ቁርአን ላይ እናውቀዋለን። ጀናዛው የሚዘገይበት ምክንያት የለም፣ ሲስተሯ እንዳለችው ግማሽ ሰዓት ከሆነ ገላ እስኪታጠብ ያልቃል። የሚጠራጠር ካለ በአቅራቢያው ያለውን ሸይኽ ይጠይቅ እንጂ ሳይጠይቅ አይፍራ።

—

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ

ፅጌዬ እግዚአብሔር ያፅናሽ። የመንጃ ፈቃዱን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ ምክንያቱም እዚህ አሜሪካ መንጃ ፈቃዱ ራሱ ነው ካርዱ። ሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ኦርጋን ዶነር፣ አካል ለጋሽ ማለት ነው፣ መሆን ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል፣ አዎ ካልሽ ትንሽ ልብ ትታተምበታለች። እኔ መጀመሪያ እንደመጣሁ ቋንቋውም አልገባኝ ኖ ኖ ብዬ ወጣሁ፣ ብዙ ሀበሻ እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ምን እንደፈረምን ስለማናውቅ እንፈራለን። ባለፈው የ16 ዓመት ልጄ ለርነር፣ የመለማመጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄደን እሱ ቀጥታ የስ አለ። መኪና ውስጥ ስንገባ ለምን ሳትጠይቀኝ አልኩት። ማሚ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወረፋ ላይ ነው አለኝ፣ ትምህርት ቤት ተነግሯቸው ነው። እውነት ነው አብዛኛው ኩላሊት ነው የሚጠብቀው። እኛ ሀበሾች ደሞ ስኳርና ደም ግፊት ቤታችን ገብቷል፣ ነገ እኛም ወረፋው ውስጥ ነን።

ልጄ ገና ስላልሞላው የመጨረሻው ፈቃድ የኔና የአባቱ ነው፣ 18 ሲሞላ ግን ፊርማው ህጋዊ ነው ቤተሰብ አይሽረውም። እናንተ ጋ ግን ፅጌ እንዳለችው ቤተሰብ ካልደወለ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ መነጋገሩ እናንተ ጋ ይብሳል።

—

የነታንያው ልጅ

እኔ ከእስራኤል ነኝ። እዚህ አዲ የሚባል የአካል ልገሳ ካርድ አለ፣ እሱን የፈረመ ሰው ራሱ ቢታመም ወረፋ ላይ ቅድሚያ እንዲኖረው እንደ ፈረንጅ በ2008 ህግ ወጥቷል። ግን የኛ የቤተ እስራኤል ትልልቅ ሰዎች አይፈርሙም፣ ለምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንደ ፈረንጅ በ1996 የእኛ ሰዎች የሰጡት ደም ሳይነገራቸው ሲጣል እንደነበር ተሰማ፣ በሺዎች እየሩሳሌም ወጡ። አያቴ እዛ ሰልፍ ላይ ነበረ። ደሜን የጣሉ ሰዎች ልቤን ምን ሊያደርጉት ነው ይል ነበር እስኪሞት ድረስ። እኔ ፈርሜያለሁ። አያቴ ግን ተሳስቷል ብዬ አልናገርም። ህዝብ እንዲለግስ ከፈለግክ መጀመሪያ የሰጠህን ማክበር አለብህ፣ ይሄ ለኢትዮጵያም ይሰራል።

—

ሲስተር የዓይን ክፍል

የነታንያው ልጅ፣ ልክ ነህ። እኛም ክፍል አዲስ ሰራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው ይሄንን ነው፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሀኪም ሆነህ ሳይሆን ለቀስተኛ ሆነህ ግባ ብለን።

—

ወንድሟ ነኝ

ስለ ዓይን ብቻ ስለተወራ ስለ ኩላሊትም ልጨምር። ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 መስከረም ነው፣ የሚሰራው ከህያው ዘመድ ነው። እኔ ለታናሽ እህቴ ሰጥቻለሁ። ከዛ በፊት በሳምንት 3 ቀን እጥበት ነበረች፣ በአንዱ ቀን 4 ሰዓት ማሽን ላይ፣ ውሃ እንኳን በልክ ነበር የምትጠጣው፣ በበጋ አፏ ውስጥ በረዶ ይዛ ነበር የምትውለው። ልስጥ ስል ብቻዬን አስገብተው ማን አስገድዶህ ነው፣ ቤተሰብ ተጭኖህ ከሆነ ንገረን፣ ለነሱ አይገጥምም ብለን እንነግርልሃለን አሉኝ። እንደዛ ሲሉኝ ነው ይበልጥ የረጋሁት።

ኦፕሬሽኑ ካለቀ በኋላ እናቴ መጥታ ጆሮዬ ላይ ሸናች አለችኝ። እህቴ ከስምንት ወር በላይ ሽንት የሚባል አልነበራትም። ከሷ አልጋ ጎን የተንጠለጠለው ከረጢት ሲሞላ ቤተሰቡ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር አሉ፣ አክስቴ እልልል ብላ ነርሶቹ ዝም አስባሏት። እኔ በአንድ ኩላሊት ስራዬን እየሰራሁ ነው፣ በዓመት አንዴ ምርመራ አደርጋለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ። ሁሉም ዘመድ ግን አይገጥምም፣ ብዙ ሰው ሰጪ አጥቶ እጥበት ላይ እያለ ያልቃል።

—

የእድር ፀሐፊ

የኔ ልጅ ፅጌ፣ ከለቅሶሽ አልደረስኩም ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እግዜር ያፅናሽ። እኔ እድሜዬ ገፍቷል፣ ይሄንን ልጆቼ ናቸው ስልኬ ላይ የጫኑልኝ። የእድር ፀሐፊ ሆኜ 22 ዓመቴ ነው። ልነግርሽ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰብ መንጃ ፈቃድ አይፈልግም፣ መታወቂያም አይፈልግም። መጀመሪያ የሚፈለገው የእድር ደብተር ነው። ሌሊትም ይሁን ቀን የሆነ ሰው የእድር ደብተሩ የት ነው ይላል፣ ተይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ካርዱ እዛ ደብተር ውስጥ ቢሆን ኖሮ አባትሽ ቃላቸው ይፈፀም ነበር። እድሩም ቢያውቅ፣ ጡሩምባ ነፊው ሳይወጣ እኛ እንደውላለን። ሀዘንተኛ ሊደውል አይችልም፣ እጁ አይታዘዘውም። ይሄ የኛ ስራ መሆን አለበት። እሁድ ስብሰባ አለን፣ አነሳዋለሁ።

—

ብሩክ 27

አባባ ይሄ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። የእህቴን ስልክ ትቼ የእድር ደብተሩ ውስጥ ነው የምከተው። ሲስተር፣ ደውለን እስኪመጡ ድረስ እቤት የምናደርገው ነገር አለ?

—

ሲስተር የዓይን ክፍል

አለ። የዓይን ቆቡን በቀስታ ዝጉት፣ ንፁህ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ ከላይ አድርጉበት፣ ጭንቅላቱን በትራስ ከፍ አድርጉት፣ የአየር ማራገቢያ ካለ አጥፉት ብሌኑን ያደርቀዋል። ባለሙያዎቹ ትንሽ ደምም ይወስዳሉ፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ለመመርመር ነው፣ እሱ ከተገኘ ለተቀባይ አይሰጥም። ከዚህ ሌላ ምንም የለም። አባባ እሁድ ስብሰባችሁ ላይ እንድመጣ ከፈለጋችሁ እመጣለሁ፣ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ።

—

ፅጌ ዘጉለሌ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ የአባቴን አርባ አወጣን።

እናቴ ንስሐ አባቷን ጠየቀቻቸው። ምን እንዳሏት ለኔ አልነገረችኝም፣ በሷና በሳቸው መሃል ይቅር አለች፣ ግን ከቤተክርስቲያን እንደመጣች ነጠላዋን ሳታወልቅ ያንን ወረቀት አምጪልኝ አለችኝ። መፃፍ ስለማትችል እኔ ሞላሁላት፣ በጣቷ አሻራ ፈረመች። የኔም ተሞልቷል። የሁለታችንን ካርድ የእድር ደብተሩ የመጀመሪያ ገፅ ላይ በስቴፕለር መታሁት፣ የአባቴንም ካርድ መጣል ስላልቻልኩ እዛው አብሮ አለ። ደብተሩ ድሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ አሁን ጓዳ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ተከራዮቹም ጭምር።

—

የእድር ፀሐፊ

እኛ ዘንድ ሲስተሯ መጥታ አስረድታለች፣ እግዜር ይስጣት። አባላቱ ብዙ ተከራከሩ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወጣ፣ ይመጣሉ ቀስ ብለው። መዝገቡ ላይ ከስም ቀጥሎ አንድ አምድ በእስክርቢቶ አሰመርኩ። እስካሁን 9 ሰው ተመዝግቧል፣ አንዷ ባለቤቴ ናት። እሷ ስኳር አለባት፣ ሞራም ተገፎላት መነፅር ነው የምታደርገው፣ ይሆናል ወይ ብላ ትጠይቃለች።

—

ሲስተር የዓይን ክፍል

ይሆናል አባባ። ስኳሩም መነፅሩም አይከለክልም፣ የተገፈፈላቸውን ጊዜ ብቻ ፎርሙ ላይ ይፃፉልን።